መብራት ሲመጣ ማን ይዞራል

መብራት ሄዶ ሲመጣ ዛሬም ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ። ጉልበቴ እምቢ ይላል፣ ልጄ ኤፍሬም «እማዬ፣ ተይው እንጂ፤ ብሬከር አስገብቼበታለሁ» ይላል፣ እግሬ ግን ማንንም አይሰማም። ከአጥር ወዲያ የጎረቤት ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ እኔ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ደጅ ቆሜአለሁ። ከዚያ እንደ ድሮዬ በር ለበር ነው። ቧንቧው አጠገብ ካለው ክፍል እጀምርና እስከ ጥጉ እዘልቃለሁ፤ በየበሩ ቆም ብዬ አሸታለሁ። ዛሬ ዛሬ የሚሸት ነገር የለም። አዲስ ቀለም ነው፣ የሽንት ቤት ማጽጃ ነው፣ አንዳንዴም የማላውቀው ሰው ሽቶ። አንድ ቀን አንዱ እንግዳ በሩን ድንገት ሲከፍተው አፍንጫዬን ቁልፉ ጋ ደቅኜ ያዘኝ። ምን ፈልጌ እንደሆነ ቢጠይቀኝ «ምንም፣ ልጄ፤ መብራት መጥቶ ነው» አልኩት። እሱ ምኑ ይገባዋል። ኋላ ለኤፍሬም በስልክ ጽፎለት ኖሯል፤ ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አልጋው ይመቻል፣ ነገር ግን አንዲት አሮጊት በር ለበር እየዞሩ ያሸታሉ ብሎ። በዚህ የተነሳ ኮከብ የሚሉት ነገር ቀንሶበት፣ ልጄ ሰነባብቶ ነው የታረቀኝ።

የምኖረው ሰበታ ነው፤ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከዓለም ገና የሚመጡት ባጃጆች ከሚቆሙበት ጀርባ። ግቢው ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሰው በስልኩ ክፍል ይይዛል፣ የበሩ ቁጥር በስልኩ ይላክለታል፣ ቁጥሩን ነካ ነካ አድርጎ ይገባል፣ ያድራል፣ ይሄዳል። እኔ ሰው ማደሩን የማውቀው በማግስቱ ከሚታጠበው አንሶላ ነው። ቁጥሩንም አላውቀውም፤ ኤፍሬም አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፣ ግን በየጊዜው ይቀያየራል። እንዲህ ከመሆኑ በፊት ግን የተከራይ ግቢ ነበር፤ ጫጫታው፣ ኩርፊያው፣ ዕርቁ የማያልቅ። ከዚያ ሁሉ ሰው የመጨረሻዋ ታደለች ነበረች። እሷ ጥግ ያለው ክፍል ውስጥ እስካለች ድረስ ብቻዬን የቀረሁ አይመስለኝም ነበር። እሳት ያልነጠቀኝን ሰው ኢንሹራንስ ይነጥቀኛል ብዬ ግን መቼም አላሰብኩም።

ያኔ ሰበታ ዛሬ የምትታየው ሰበታ አልነበረችም። መንገዱ ላይ ከጅማ ቡና ጭኖ የሚመጣ መኪናና ወደ መርካቶ የሚሄድ አውቶቡስ ነው የሚታየው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ። ባለቤቴ ለሚ የዚሁ አገር ልጅ ነው። እኔ ከሰሜን ሸዋ መጥቼ የአክስቴን ሱቅ ስጠብቅ፣ ሳሙና ሊገዛ እየመጣ፣ ሳሙናው ሳያልቅ ሌላ እየገዛ ነው ያገባኝ። አባቱ በሰጡት መሬት ላይ መጀመሪያ የራሳችንን ቤት ሠራ፤ ከዚያ ከጀርባው የኪራይ ክፍሎች። ጤፉ በሰጠ ዓመት አንድ ክፍል ይጨመራል፣ ባልሰጠ ዓመት ማገሩ ብቻውን ቆሞ ይከርማል። ጭቃውን ከጭድ ጋር የሚረግጠው ራሱ ነው፤ ግድግዳው ሲደርቅ ኖራ የምቀባው እኔ ነኝ። ሲያልቅ ሰባቱም ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተደርድረው ቁጭ አሉ፤ የአንዷ ሳል ለሁሉም ይሰማል። አንድ ጣሪያ መሆኑ ያኔ ያኮራን ነበር። ለሚ ውጭ ቆሞ ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ይለካውና ለራሱ ይስቃል።

ተከራዮቻችን የፋብሪካው ልጆች ነበሩ። ጡሩምባው ሲጮህ ግማሾቹ ይወጣሉ፣ ግማሾቹ ይገባሉ። ሰማያዊ ሽርጥ፣ በሻሽ የተጠፈረ ጸጉር፣ ከሻሹ ባመለጠው ጸጉር ላይ የጥጥ ብናኝ፤ ሲመለሱ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስላሉ። አንድ ክፍል በዐሥር ብር ነበር የሚከራየው፤ እሱንም ለሦስት ይካፈሉታል። አንዷ ከሥራ ስትገባ ሌላዋ ከአልጋው ትነሳለች፣ ስለዚህ አልጋው ብርድ አያውቅም። ደመወዝ የወጣ ዕለት ከሰዓት ግቢው ሌላ ነው። የጸጉር ቅባት ሽታ፣ አዲስ ሸራ ጫማ፣ የናይለን ሻሽ፣ በዐሥር ሳንቲም የተገዛ ትኩስ ዳቦ እየተቆረሰ። ከመካከላቸው አንዷ ቴፕ ነበራት። ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ባትሪዎቹን አውጥታ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች። እስኪሞቁ ድረስ የቀረውን ዘፈን ራሳቸው ይጨርሱታል። አሁንም አንዳንዴ ያ ዜማ በአንዱ ባጃጅ ውስጥ ሲያልፍ እሰማዋለሁ፤ እኔ የማውቀው ግን ግማሹ በካሴት፣ ግማሹ በሴቶች ድምፅ የሆነውን ነው።

ለሚ ተከራይ ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ዋስሽ ማን ነው?» የሚል። ውል የሚባል ነገር አናውቅም። አንዷ ልጅ የአገሯን ሰው ይዛ ትመጣለች፣ ያ ሰው «ጨዋ ናት፣ እኔ አለሁ» ይላል፣ አለቀ። ታደለች ከወላይታ ስትመጣ አንድ ፌስታልና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይዛ ነበር። ዋሷን ሲጠይቃት «እግዚአብሔር» አለች። ለሚ ሳቀ። «እሱማ የሁላችንም ዋስ ነው፤ ለቤት ኪራይ ሌላ አምጪ» አላት። ልጅቷ መሬት መሬት ስታይ አንጀቴን በላችውና «በቃ፣ እኔ ዋሷ ነኝ» አልኩ። ለሚ ዞሮ አየኝ። «ባለቤቷ ራሷ ዋስ የሆነችበት ቤት ዛሬ አየሁ» ብሎ ጥግ ያለውን ክፍል ከፈተላት።

በዓመቱ መሰለኝ ክፍሏ የተቃጠለው። ስቶቭ በየቤቱ የገባበት ሰሞን ነበር፤ ያ ሸክላ ላይ ሽቦ የተጠማዘዘበት፣ ባለ አንድ ዓይኑ። ታደለች ሽሮ ጥዳ ሳለ መብራት ሄደ። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ አልመጣም። ጡሩምባው ሲጮህ ድስቱን አውርዳ፣ በሩን ቆልፋ፣ ሮጠች። ስቶቩን ማጥፋት ትዝም አላላት፤ ለነገሩ በጠፋ መብራት የጠፋውን ስቶቭ ማን ደግሞ ያጠፋዋል? እኛ አገር ይህን ስሕተት ያልሠራ ሰው ቢኖር ቤቱ መብራት ያላስገባ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት «መጣ!» ሲል ስቶቩም ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ቀልቶ ተነሳ። አጠገቡ የሰቀለችው መጋረጃ ነበር። እኔ ሲሸተኝ ጭሱ በቆርቆሮው ሥር ይወጣ ነበር።

ጎረቤቱ በባልዲ፣ በአፈር፣ በእርጥብ ጆንያ አጠፋው። ክፍሉ ግን አልቋል፤ ፍራሹ፣ ልብሷ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ፣ ከለሚ ግድግዳም ግማሹ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ግቢው መካከል እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ለሚን ብቻ ታየዋለች፤ ያባርረኛል ብላ ነው። ለሚ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ «ሆማ ሚቲ፣ ኢንተለ ኮ» አላት። በኦሮምኛ፣ ምንም አይደለም ልጄ ማለቱ ነው። ቋንቋውን ያኔ አታውቅም፣ ግን ገባት መሰለኝ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩ ወንዶች በደቦ ጭቃውን ረግጠው ግድግዳውን መለሱ፤ የዕድሩ ሴቶች ፍራሽ አዋጡ፤ የግቢው ልጆች ከየሳጥናቸው አንዳንድ ልብስ አወጡላት። አጭር ቀሚስ የሰጠቻት አለች፣ የወፍራም ሰው ሹራብ የሰጠቻት አለች፤ ክረምቱን ሙሉ ታደለች የሰባት ሰው ልብስ ለብሳ ነው የከረመችው። ውል አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ዙሩ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ለሚ የቤታችን በር አጠገብ ምስማር ደረደረ። ወጪ ሁሉ ቁልፏን ምስማሯ ላይ ሰቅላ ትወጣለች፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እኔ ቁልፎቹን ይዤ ክፍል ለክፍል እዞራለሁ፣ ስቶቩን በእጄ ነክቼ አያለሁ። ስንቱን አጥፍቼዋለሁ። የሰው ጓዳ እየከፈቱ መግባት ከባድ አደራ ነው፤ የማን ትራስ ሥር ፎቶ እንዳለ፣ የማን ሳጥን ባዶ እንደሆነ አውቄ እንዳላወቅሁ እኖር ነበር። ታደለች ቤት በምትሆንበት ቀን እኔ ስዞር የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል። ዙሬን ጨርሼ ስመለስ ደግሞ ከእኔ ወጥ ቤት ስትወጣ አገኛታለሁ። «ጨው አልቆብኝ ነው፣ እትዬ» ትላለች፤ በእጇ ቆንጠር አድርጋ ይዛለች። «አንቺ ልጅ፣ ወጡን ትተሽ ጨዉን ነው እንዴ የምትበዪው?» እላታለሁ። ስቃ ትሄዳለች። መብራት በመጣ ቁጥር ጨው የሚያልቅባት ሴት እንዳለች ለጎረቤቶቼ ሁሉ አውርቼ አስቄባታለሁ።

ሃይማኖታችን አንድ አይደለም። እሷ እሑድ ጠዋት መዝሙሯን እያንጎራጎረች ወደ ጸሎት ቤቷ፣ እኔ ከቅዳሴ ስመለስ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ረቡዕና ዓርብ አትጾምም፤ ግን በእነዚያ ቀናት የሥጋ ሽታ ከክፍሏ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ብጠይቃት «እርስዎ እየጾሙ በአፍንጫዎ ላስገድፍዎት?» አለችኝ። ግቢያችን እንዲህ ነበር።

ከዚያ ጊዜው እያደር ተለወጠ። ልጆቹ አንዷ አረብ አገር ሄደች፣ አንዷ አግብታ ቡራዩ ገባች፣ አንዷ ታማ አገሯ ተመለሰች። የፋብሪካው ባለቤት ተለወጠ፣ ጡሩምባው ቀረ፤ ዛሬ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስ አውቶቡስ ነው። ለሚም ሞተ። የዕድሩ ድንኳን ተነቅሎ፣ አልቃሹ ተበትኖ፣ ልጄም ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ፍራሿን አምጥታ እግሬ ሥር አንጥፋ የተኛችው ታደለች ናት። ፋብሪካውን ከተወች ቆይታለች፤ ዓለም ገና መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች፣ ማታ ያልተሸጠውን ይዛልኝ ትመጣለች። ባዶ ክፍል ስድስት ሆነ። ምስማሮቹ ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ አንድ ብቻ ቀረ።

ኤፍሬም ሱሉልታ ነው የሚኖረው። እዚያ ለሩጫ ልምምድ የሚመጡ ሰዎች ለሳምንትም ለአሥራ አምስት ቀንም የሚከራዩት ቤት አለው። «እማዬ፣ ይህ ግቢ እኮ ወርቅ ነው፤ አንቺ በጭቃ አስቀምጠሽዋል» አለኝና ስድስቱን ክፍል በሲሚንቶ ለስኖ፣ ሴራሚክ አንጥፎ፣ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ለአዳር ማከራየት ጀመረ። የታደለችን ክፍል ግን አላስነካም አልኩ። እሺ አለ። ለሁለት ዓመት ያህል ግቢው እንዲያ ሆኖ ነበር፤ ስድስቱ ነጭ፣ አንዱ የለሚ ኖራ እንደተቀባ። እንግዶቹ ቢያልፉም ቢያገድሙም ማታ የታደለች መብራት ጥግ ላይ ይበራል፣ ለእኔ ይበቃኛል።

ነገሩን ያመጣው የኤፍሬም ጓደኛ ነው። ቡራዩ ቤት ነበረው፤ የመኖሪያ ቤቴ ነው ብሎ ኢንሹራንስ አስገብቶ በጎን ለአዳር ያከራየው ነበር። አንድ እንግዳ ሻማ እንዳበራ ተኝቶ ቤቱ ነደደ። ካሳ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ የነገርከን ሌላ፣ ቤቱ ውስጥ የሆነው ሌላ ተብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ልጄ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ። «እኛ ሁሉንም በእውነት አስመዝግበን ነው የምንገባው» አለ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት። እውነት ምን ይጎዳል?

ከኢንሹራንሱ ግቢውን ልታይ የመጣችው ልጅ ሰላማዊት ትባላለች። ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው በጣቷ እየረገጠች፣ ግን ጨዋ ልጅ ናት፣ ቁጭ ብድግ ብላ ነው ሰላም ያለችኝ። ክፍሎቹን እያየች ታስረዳኝ ጀመር። ለዓመታት የሚከራይ ቤት ሌላ ነው፣ ለአዳር የሚከራይ ሌላ፤ ውሉም፣ አረቦን የሚሉት በየዓመቱ የሚከፈለውም ይለያያል። ቋሚ ተከራይ የራሷን ዕቃ ታስገባለች፣ ታበስላለች፤ የእሷ ዕቃ ቢጠፋ ቢቃጠል በባለቤቱ ውል ውስጥ የለም። የአዳር እንግዳ አያበስልም፤ አልጋውም ቴሌቪዥኑም የባለቤቱ ስለሆነ ይገባል፣ እንግዳው ደረጃው ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር እንኳ ያ ራሱ ይገባል። አዳመጥኳት። ልጅቷ ነገሩን ታውቀዋለች፣ እኔም ገባኝ። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ስትጠይቅ ኤፍሬም ስለ ብሬከሩ ሊያወራ አፉን ሲከፍት ቀደምኩትና «እኔ እዞራለሁ» አልኳት። ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ የፌዝ አልነበረም። ከዚያ ጥጉ ጋ ደረስን።

«እማማ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ምግብ ይበስላል?» አለችኝ።

«ሰው ይኖርበታል፤ ይበስላል እንጂ።»

ቀና ብላ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ለሚ ያይ እንደነበረው። ለኤፍሬም ቀስ ብላ ነገረችው። ስድስቱን ክፍል ለአዳር ብለን ስናስገባ፣ በዚያው ጣሪያ ሥር ስቶቭ የሚጣድበት ክፍል ሊኖር አይችልም። ወይ ጣሪያው ተቆርጦ በብሎኬት ግድግዳ ይለይ፣ ወይ ክፍሉ እንደሌሎቹ ይሁን። ኤፍሬም መሬት መሬት አየ። ጣሪያውን መቁረጥ ማለት ቤቱን እንደገና መሥራት ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሻይ ይዞ ቁጭ አለና፣ ታደለች ሌላ ቤት ብትፈልግስ፣ እሱ ራሱ እየዞረ ጥሩ ቤት ይፈልግላታል አለኝ። «እሷ ከምትወጣ ቤቱ ይንደድ» አልኩት። ልጄ ሳቁ መጣ፤ «ይህን ሰላማዊት እንዳትሰማሽ» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በማግስቱ ታደለችን ጠርቼ ነገሩን ሳልደባብቅ ነገርኳት። መላ አበጅቼ ነበር፤ ወጥ ቤቴ ሰፊ ነው፣ ለሚ ይተኛበት የነበረው ክፍል ባዶ ነው፣ ወደ እኔ ግቢና አብረን እንኑር አልኳት። ኪራይ የለም፣ ምን የለም። ቀሚሷን በጣቶቿ ታጣጥፍ ጀመር።

«እትዬ፣ እዚህ ግቢ ቀና ብዬ የኖርኩት ኪራዬን እየከፈልኩ ነው» አለችኝ። «ኤፍሬም በእኔ ጀርባ ታዝሎ ነው ያደገው፣ አይከፋኝም። ግን በዚህ ዕድሜዬ ጥገኛ አያድርጉኝ።»

እኔ ብሆን ምን እላለሁ? ያንኑ ነው የምለው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የእኅቷ ልጅ አለች፤ ወልዳ ሕፃኑን የሚይዝላት አጥታ ነበር። እዚያ ትከፍላለች፣ እዚያ ታስፈልጋለች። አራተኛ ፎቅ ነው አለችኝ፤ ከዚያ ሆና ሰበታን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አይቻልም።

የሄደች ዕለት ዕቃዋ ለትንሽ ፒክአፕ እንኳ አልሞላም። አልጋዋ፣ ጀሪካኖቿ፣ የሽንኩርት ሚዛኗ፣ ስቶቩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ኤፍሬም ራሱ ጫነላት፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ አቧራ ነው አለ። እኔን ስማ ስትወጣ በሯን ቆለፈች፣ ቁልፉን አመጣችና ሥራ እንደምትሄድ ሁሉ ምስማሯ ላይ ሰቀለችው። ሁለታችንም አየነው። በሳምንቱ ኤፍሬም በሩን ቀይሮ ባለ ቁጥሩን ገጠመበት፤ ያ ቁልፍ አሁን የትም አይከፍትም። ከምስማሩ ግን አልወረደም።

ኢንሹራንሱ ገባ። ኤፍሬም ውሉን አምጥቶ አነበበልኝ። ጣሪያው ገብቷል፣ በሩ ገብቷል፣ አልጋው፣ ፍራሹ፣ ቴሌቪዥኑ ገብቷል። ቤቱ ቢቃጠልና እስኪሠራ እንግዳ ባይገባበት፣ የሚቀረው ኪራይ እንኳ ይታሰባል ተባለ። ልጄ ስለ እኔም ብሎ ነው ያደረገው፣ አልበድለውም። በዚያ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያድራል፤ እኔ ግን ቀኑ ረዘመብኝ። ማታ ማታ ወደ ጥጉ አያለሁ። የታደለች ክፍል ነጭ ሆኗል፣ አልጋው ላይ ሁለት ትራስ ተደርቧል። አንዳንድ ቀን ሰው አለበት፣ አንዳንድ ቀን የለም፤ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚያናግረኝ ስለሌለ ለሚን ማናገር ጀምሬአለሁ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይለኛል፤ የሚሰማ ግን የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሽሮ ጥጄ መብራት ሄደ። ትንሽ ጠብቄ ሰለቸኝና ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ የጎረቤት ልጆች ሲጮኹ ነቃሁ፤ መጥቷል። ተነሳሁና ዙሬን ጀመርኩ። አንደኛው በር፣ ምንም። ቀጥሎ ያለው፣ ምንም። ሁሉንም አልፌ ጥጉ ጋ ስደርስ ቆየሁ፤ እዚያ ሁልጊዜ እቆያለሁ። ያን ጊዜ ያረረ ነገር ሸተተኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አገኘሁት አልኩ፤ ይኸው፣ ዞሬ ዞሬ በከንቱ አይደለም። የትኛው እንግዳ ተደብቆ ስቶቭ እንደጣደ ላውቅ በሩን ሁሉ አንኳኳሁ። የከፈተ የለም፤ ለካ ያን ቀን እንግዳ አልነበረም። ሽታውን ተከትዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ የራሴ ወጥ ቤት አደረሰኝ። ድስቴ ከሰል ሆኗል። ከጎኑ የነበረው የእጅ ፎጣ ዳር ዳሩን እየጨሰ ነው። ስቶቩን አጥፍቼ፣ ፎጣውን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

የሰው ስቶቭ ሁሉ ስነካካ የኖርኩት እኔ፣ የራሴን አይቼ አላውቅም። ዙሩን ስጀምር ከቤቴ እወጣለሁ እንጂ ወደ ቤቴ አልዞርም። አንድም ቀን ያላረረብኝ ብልኅ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከኋላዬ ይሰማ የነበረው የነጠላ ጫማ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ እጇ ላይ የነበረው ቁንጥር ጨው ትዝ አለኝ። ገበያ ውላ ሽንኩርትና ቲማቲም ለእኔ የምታመጣ ሴት፣ ጨው እንዴት ሁልጊዜ ያልቅባታል? አንዴ ክፍሏ የተቃጠለባት ልጅ፣ ያን ሁሉ ዘመን መብራት ሲመጣ እኔን ስትዞረኝ ኖራለች። እንዳላፍር ብላ ጨው ትወስዳለች። እኔም ለሰፈሩ አውርቼ ሳስቅባት።

ስልኩን አንስቼ ደወልኩላት። ወዲያ ማዶ ሕፃን ያለቅሳል፣ ባልዲ ይንኳኳል። ደህንነቴን ጠየቀችኝ፣ ጉልበቴን ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መብራት አለ?» አለችኝ።

«ሄዶ ነበር። መጣ።»

«ስቶቩስ?»

«ሽሮዬ አረረ። ሌላ ምንም አልሆነም» አልኳት። ሕፃኑ ብቻ ያለቅሳል። ብዙ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር የደወልኩት፤ አንዱም አልወጣልኝም።

«ታደለች፣ እዚያ ጨው አለሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

ሕፃኑን እሹሩሩ አለችው። «አልቆብኛል፣ እትዬ» አለችኝ።

ጨዉን በጨርቅ ቋጥሬ ምስማሩ ላይ፣ ከቁልፏ ጎን ሰቅዬላታለሁ።